የግራ እጅ ቢላዋ

«በግራ እጅ የተቆረጠ ዓሣ በዚህ ቤት አይሸጥም! ልጄ በሕይወት እያለ አልተሸጠም፣ ሞቶም አይሸጥም!» ይህን ያሉት ጎረቤቴ እማማ ቶሜ ናቸው። የሰማሁት ደግሞ እኔ ነኝ፣ በግድግዳው በኩል፣ ፍጅሌን ከጨው በርሜል እያወጣሁ። ወሬ ታዳምጣለች እንዳትሉኝ! ያኔ በእኛ የገበያ መንገድ ግድግዳ የሚባለው ነገር ለስሙ ነው እንጂ፣ የእኔ ባል ሲያስነጥስ እነሱ ቤት «ይማርህ» የሚሉበት ነበር። እኔ በጨው የተዘፈዘፈ አትክልት እሸጣለሁ፣ እነሱ ዓሣ ይሸጣሉ። ከጩኸቱ በኋላ ደግሞ ጧ የሚል ድምፅ መጣ። በኋላ እንደሰማሁት፣ ምራታቸው ፉሳኤ ለቁርስ አንዲት ትንሽ ዓሣ በግራ እጇ ስትከፍል እማማ ቶሜ ድንገት ከኋላዋ ደርሰው በሩዝ ማንኪያው አንጓዋን መቷት። የአርባ አምስት ዓመት ሴት እኮ ናት! ጸጉሯ ሽበት የጀመረ፣ ባሏን የቀበረች ሴት እንደ ሕፃን እጇን ተመታች! ከዚያ ሩዙ ሲቀርብ፣ ሳህኑ ሲነሳ ሰማሁ።

ፉሳኤ ግራኝ ሆና ነው የተወለደችው። በሃያ ዓመቷ ለኢዋዎ ተድራ ስትመጣ ግን ማንም አላወቀም፣ እናቷ በቀኝ እንድትበላና በቀኝ እንድትጽፍ አድርጋ አሠልጥና ነበር የሰጠቻቸው። ግራ እጇ የሚወደውን ሥራ ሁሉ ከበር ኋላ ተደብቃ ነበር የምትሠራው፤ መርፌ ስትይዝ ጀርባዋን ታዞርብን ነበር። ኢዋዎ በሕይወት እያለ ነገሩ ማንንም አላሳሰበም። እሱ ይቆርጣል፣ እሷ ቅርፊት ትፍቃለች፣ ታጥባለች፣ ትሸጣለች። ወይ ኢዋዎ! ጠዋት ከዋናው ገበያ ተመልሶ የመጀመሪያውን ዓሣ ራስ ሲያወርድ የቢላዋው ድምፅ አንዴ ብቻ ነበር የሚሰማው፣ ሁለተኛ አይደግምም። ሻይ ቤቱ ያችን ድምፅ ሰምቶ ነበር የበሩን መጋረጃ ሰቅሎ የሚከፍተው። መንገዳችንን ከላይ የሚሸፍነው ጣሪያ ገና አዲስ ነበር፣ ዝናብ ቢዘንብ ጃንጥላ የሚዘረጋ የለም፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰው ከሰው ይጋፋል። ዛሬ ግማሹ ሱቅ መዝጊያውን አውርዷል፤ ያኔ ግን ሕይወት ነበር። ኢዋዎ ይህ ከመሆኑ በፊት በነበረው ክረምት፣ ዋናው ገበያ ዓሣ በሚጫረቱበት ቦታ ቆሞ ሳለ ልቡ ቀጥ አለና ወደቀ፣ አርባ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ከዚያ በኋላ ዓሣውን የሚቆርጥ ጠፋ፣ ፉሳኤ ቢላዋውን በቀኝ እጇ አነሳች።

የእኛ የዓሣ ቢላዋ፣ ዴባ የምንለው፣ ጀርባው ወፍራም ነው፣ ከባድ ነው፣ ስለቱም በአንድ ጎኑ ብቻ ነው። ሌላው ጎኑ ሜዳ ነው፣ እሱ ነው አጥንቱን ታክኮ የሚሄደው። ለቀኝ እጅ የተሠራውን በግራ የያዘ ሰው ቢላዋው እምቢ ይለዋል፤ አጥንቱን ትቶ ወደ ሥጋው ይጠልቃል። ስለዚህ ፉሳኤ በግራዋ ብትሞክር ቢላዋው አይታዘዝላት፣ በቀኟ ብትቆርጥ እጁ አይታዘዝላት። ዓመት ሙሉ ግማሹን ሥጋ አጥንት ላይ እየተወች፣ የተቦጫጨቀ ዓሣ በቅጠል እየሸፈነች ሸጠች። ደንበኛው ይሉኝታ ስላለው ለጥቂት ወር ታገሠ። ከዚያ አንድ በአንድ ቀረ። እማማ ቶሜ ደግሞ ቢላዋውን ነጠቋትና ከኢዋዎ ፎቶ ሥር፣ ለሙታን መታሰቢያ በሚሆነው ትንሽ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀመጡት። እሁድ እሁድ እያወጡ እንዳይዝግ የካሜሊያ ፍሬ ዘይት ይቀቡታል። ምራቲቱ የምትቆርጠው በወጥ ቤት ቢላዋ ሆነ። ፍረዱ እንግዲህ!

ያን ዕለት ጠዋት፣ ገና የሩዝ ማንኪያው ነገር ሳይበርድ፣ ወይዘሮ ሳዎ መጣች። ሳዎ ከመንገዳችን ጫፍ ያለው ምግብ ቤት ባለቤት ናት፤ የዓሣ ቤቱ ጓዳ የሚሞላው በእሷ ነው፣ እሷ ከቀረች መዝጊያውን ማውረድ ብቻ ነው የሚቀረው። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ፉሳኤ በረዶው ላይ ያጋደመቻቸውን ሁለት ቀያይ ዓሦች፣ ለደስታ ቀን የምንበላውን ታይ፣ ሳዎ በጣቷ ጫን ጫን አደረገቻቸው።

«ዓሣውስ ጥሩ ነው። ማታ የእጮኝነት ግብዣ አለብኝ፣ በጥሬው ነው የማቀርበው። ባለፈው ከአጥንቱ ላይ ሥጋውን በማንኪያ ፍቄ ሾርባ ሠራሁበት፣ ታውቂያለሽ? ኢዋዎን ስለምወደው ነው እስካሁን የታገሥኩት፣ እህቴ። ዛሬም እንደዚያ ከሆነ ግን ከባቡር ጣቢያው ትልቅ መደብር ነው የምገዛው፣ እንዳትቀየሚኝ።»

ፉሳኤ ጎንበስ ብላ «ለመብራት ሰዓት ይደርስልሻል» አለቻት። ከዚያ ሽርጧን ፈታ ወደ እኔ ሱቅ ገባች። ፊቷ ልብስ የተተኮሰበት ይመስል ልሙጥ ነው፤ እንደዚያ ሲሆን እፈራታለሁ። «ሂሳኖ፣ ሳካይ ድረስ አብረሽኝ ትሄጃለሽ?» አለችኝ። ሳካይ የቢላዋ ሠሪዎች ከተማ ናት፣ ከእኛ በትራም ሩቅ አይደለችም። ባሌን ሱቁን ጠብቅ አልኩት፣ አጉረመረመ፣ ሄድን።

ትራሙ ላይ ጭኗ ላይ የያዘችውን በእጅ ፎጣ የተጠቀለለ ነገር አየሁ። «አንቺ! ከቁም ሳጥኑ ነው ያወጣሽው?» አልኳት። አዎ አለች በአንገቷ። አማቷ ደጃፍ ሲጠርጉ ነው ያወጣችው። «ወይ ጉድሽ! ዛሬ በቁምሽ ይበሉሻል እኮ!» «ይብሉኝ» አለች። «ቢላዋ ሠሪዎቹ ስለቱን ወደ ግራ ይገለብጡልኛል። ቢላዋው የኢዋዎ እንደሆነ ይቀራል፣ እጁ የእኔ ይሆናል። ያኔ እማማም ምን ይላሉ?» ነገሩን አሰብኩበት፣ ደህና መሰለኝ። እኔ የማውቀው ጨውና ፍጅል ነው። ወንዙን ስንሻገር ፉሳኤ በመስኮቱ እየተመለከተች ፈገግ አለች። ባሏ ይህን ቢላዋ ሲገዛ፣ በተጋቡ በወሩ፣ አብራው መጥታ ነበር። ኢዋዎ ከጠዋት እስከ ቀትር ቢላዋ ሲያነሳና ሲያስቀምጥ እሷ የሩዝ እንክብሏን ይዛ በር ላይ ቆማ ጠበቀችው፣ እግሯ ደነዘዘ። ሲመለሱ ወንዙ ዳር ቁጭ ብለው በሉ። ባሏ ሳጥኑን እየከፈተ ቢላዋውን አየት፣ ዘግቶ ደግሞ እሷን አየት ያደርግ ነበር። «የትኛችንን እንዳገባ ግራ የገባው ነበር የሚመስለው» አለችና ሳቀች፣ ከዚያ በፎጣው ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። እኔም ወደ ሌላ ዞርኩላት።

ሱቁ ጠባብ ነው። ከጓሮው የመዶሻ ድምፅ ይመጣል፣ ሰው ለመደማመጥ ጮክ ብሎ ነው የሚያወራው። ባለቤቱ ሽማግሌ ፎጣውን ፈቶ ቢላዋውን በሁለት እጁ ተቀበለና ወደ በሩ ብርሃን ዞረ። ብዙ ጊዜ አየው። «የማን እጅ ነው?» አላት። የባሌ ነበር አለችው። «ጎበዝ እጅ ነበር። ከእኛ ሲወጣ ስፋቱ እስከዚህ ነበር» ብሎ ጣቱን ከስለቱ ወዲያ፣ ባዶ አየር ላይ አደረገ። «ይሄን ሁሉ በመሳያ ድንጋይ ላይ ነው የጨረሰው። በየማታው ሳይስል ያደረ ሰው እንዲህ ቀጥ ብሎ አያልቅለትም።» ፉሳኤ አንገቷን ደፋች። ከዚያ ጉዳይዋን ነገረችው፣ ግን «አንድ ግራኝ ሰው አለ» ብላ ነው የነገረችው።

ሽማግሌው ራሱን ነቀነቀ። «አይሆንም፣ እሜቴ። ጠንካራው ብረት ያለው በዚህ በሜዳው ጎን ነው፣ በላዩ የተደረበው ለስላሳ ብረት ነው። ወደ ግራ ብስለው ስለቱ የሚወጣው ከለስላሳው ላይ ነው። እንደ አይብ የሚለሰልሰውን ቶፉ ይቆርጥ ይሆናል። የባልሽን ቢላዋ አትግደዪው፣ ይዘሽው ግቢ።»

የሰው ወርቅ አያደምቅ አልኩ በሆዴ። ፉሳኤ ቢላዋውን መልሳ ጠቀለለች፣ አመስግና ወደ በሩ ዞረች። እኔ ተበሳጨሁ፤ «እንዴ፣ ባዶ እጃችንን ልንገባ ነው? ለግራ እጅ የተሠራ የለም እንዴ በዚህ ሁሉ ቢላዋ ውስጥ?» ብዬ ጮኽኩ። ሽማግሌውም «አለ እንጂ። ለማን ነው?» አለ። ፉሳኤ አየችኝ። ጆሮዋ ቀልቶ ነበር። በሃያ አምስት ዓመት ጉርብትና ከአፏ ሰምቼው የማላውቀውን አንድ ቃል፣ ያውም መዶሻው ፋታ በሰጠበት ሰዓት፣ ሱቁ ሁሉ እየሰማ ተናገረችው። «ለእኔ ነው። ግራኝ ነኝ።»

ሰማይ አልተደፋም። ሽማግሌው መሰላል ላይ ወጥቶ አቧራ የለበሱ ሦስት ሳጥኖች አወረደ። ረጅሙን አንስታ መለሰችው፣ ያ ለትልልቅ ዓሣ ነው። አጭሩም ለታይ ራስ አይበቃም። መካከለኛውን ያዘችው። ሽማግሌው ጀርባውን ወደ ብርሃን አቅንታ ጠመም ማለት አለማለቱን እንድታይ አደረጋት፣ ሜዳውን ጎን ጠረጴዛ ላይ አስተኝቶ በሥሩ ቀጭን ብርሃን ማለፉን አሳያት፣ የጥሩ ቢላዋ ምልክት ነው፣ ከዚያ ዝም ብላ እንድትይዘው ነገራት። «አትግፊው። ክብደቱን ይሥራበት፣ አንቺ መንገዱን ብቻ አሳዪው» አላት። እጀታው ለግራ መዳፍ ነበር የተጠረበው። ጣቶቿ ሲገጥሙበት አየሁ፣ እሷም ይህን ስታይ አፏን ከፈት አድርጋ ቀረች። እኔ ግን ዋጋውን ጠየቅኩ። አሥራ ስምንት ሺህ የን! የቀኙ አሥራ ሁለት ነው። «ግራኝ መሆን ግብር አለው እንዴ?» ብዬ ተቆጣሁ። ሽማግሌው ሳቀ። አንድ ለመሥራት ሠሪውም የሚስለውም እጃቸው የለመደውን ሁሉ መገልበጥ አለባቸው፣ ለዚህ ነው አለኝ። ፉሳኤ አልተከራከረችም፣ ለክረምት ልብስ ያስቀመጠችውን አውጥታ ከፈለች።

ከዚያ ሽማግሌው ትንሽ መሮና ትንሽ መዶሻ አመጣ። ቢላዋ የገዛ ሰው ስም ይቀረጽለታል፣ ልማዱ ነው። «ማን ብዬ ልጻፍ?» አለ። የዓሣ ቤቱን ስም ልነግረው አፌን ስከፍት እሷ ቀደመችኝ። «ፉሳኤ በሉልኝ» አለች። እየቀረጸ መከራት፦ በበረዶ የደረቀ ዓሣና ዱባ አትቁረጪበት፣ ሰው በር ቢያንኳኳ እንኳ እርጥቡን አስቀምጠሽ አትሂጂ፣ አጥበሽ አድርቂው፣ ሳትሠሪበት የሚውል ከሆነ ዘይት ቀቢው፣ ማታ ማታ ሳዪው። የኢዋዎንም ቢላዋ ያለ ክፍያ ጠራርጎ ቀብቶ መለሰላት።

ስንመለስ እማማ ቶሜ ባዶው ቁም ሳጥን ፊት ሰሌኑ ላይ ተቀምጠው ነበር። እኔ ፍጅል ያመጣሁ መስዬ በሩ ላይ ቆምኩ፤ ምን ላድርግ፣ እግሬ አልሄድ አለኝ። ፉሳኤ ተንበርክካ ጥቅልሉን በፊታቸው አኖረች። «ወደ ግራ ላስገለብጠው ወስጄው ነበር። አይሆንም ብለው መለሱኝ። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እማማ» አለች፣ ምንም ሳትደብቅ። አሮጊቷ ፈቱት። አውራ ጣታቸውን በጀርባው ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ አሳለፉ፣ ፎቶው ሥር መለሱት፣ ግጥም አድርገው ዘጉት። ስድብ ስጠብቅ የነበርኩት እኔ አፈርኩ። ፉሳኤ ተነሳች፣ ሽርጧን ታጠቀች፣ ቦት ጫማዋን አጠለቀች፣ አንደኛዋን ታይ ከበረዶው አንስታ ከመንገዱ ፊት ለፊት ባለው ጣውላ ላይ አጋደመችና ሳጥኑን ከፈተች።

የእራት ገዢ የሚበዛበት ሰዓት ነበር። ዘንቢል ያንጠለጠሉ ሴቶች ቆሙ። እማማ ቶሜ ከውስጥ ወጥተው፣ የመልስ ሳንቲም ያለበት ቅርጫት በላስቲክ ከጣሪያ ከሚንጠለጠልበት ሥር፣ በርጩማቸው ላይ ተቀመጡ። ቢላዋው ላይ የተቀረጸውን ስም አነበቡት፣ ሲያነቡ ከንፈራቸው ተንቀሳቅሷል። ፉሳኤ ቅርፊቱን ፈቀፈቀች። ከጆሮ ግንዱ ሥር አንዴ፣ ገልብጣ አንዴ፣ ራሱ ወረደ። አልዋሽም፣ የመጀመሪያው ጎን ጭራው ዘንድ ሲደርስ ትንሽ ተቀደደባት፣ አንዷ ሴትዮም ከንፈሯን መጠጠች። ፉሳኤ ቢላዋውን አስቀመጠች። እጇን በፎጣ ጠረገች፣ ደጋግማ ጠረገች። ከዚያ እንደገና አነሳችውና በጀርባው በኩል አስገባች፣ አልገፋችውም። ቢላዋው በአጥንቶቹ ላይ ጠቅ ጠቅ ጠቅ እያለ ሄደ። ሥጋው እንደ መጽሐፍ ገጽ ተነሳ። ሁለተኛዋን ታይ ስትከፍት ሥጋው አንድም ቦታ አልተቀደደባትም። የቆሙት ሴቶች ወደ ጣውላው ተጠጉ። አንዷ «አንቺ፣ ይሄን እጅ ከየት አመጣሽው?» አለች። ፉሳኤ ቀና ሳትል «የድሮ ነው» አለቻት። ሁሉም ሳቀ፣ ከአንድ ሰው በቀር።

ሳዎ በሰዓቷ መጣች። ሥጋውን አላየችም፣ ብልጥ ናት፣ መጀመሪያ አጥንቱን ነው ያነሳችው። ወደ አምፖሉ አቀረበችው፣ ብርሃኑ በአጥንቶቹ መሀል አለፈ። «ይቺ ጭራው ላይ ያለች ቀዳዳ ምንድን ናት?» አለች ወደ ሥጋው ዞራ። ፉሳኤም «የመጀመሪያው ጎን ነው» አለቻት። ሳዎ አጥንቱን አስቀመጠች። «ለዓርብ ሦስት አድርጊልኝ፣ ትንሽ ተለቅ ተለቅ ያሉትን» ብላ ሥጋውን አስጠቅልላ ሄደች። የደስታ እንባዬ መጣብኝና ለማንም እንዳይታይ ፍጅሌን ልሸጥ ገባሁ።

መዝጊያዎች መውረድ ሲጀምሩ በጓሮው መተላለፊያ በርሜሌን ሳጥብ ፉሳኤን አየኋት። አዲሱን ቢላዋ አጥባ አድርቃ፣ ልትስለው የኢዋዎን መሳያ ድንጋይ አውጥታለች፣ ውኃም አፍስሳበታለች፣ ግን እጇን አልዘረጋችም። ድንጋዩ መሀሉ ጎድጉዷል፤ የኢዋዎ ክንድ ስንት ዓመት ሙሉ ወደ ቀኝ ዘንበል እያለ ያጎደጎደው ነው። የሰው እጅ ድንጋዩን በራሱ መልክ ይበላዋል። በዚያ ጎድጓዳ ላይ ሌላ ቢላዋ፣ ይልቁንም የግራ፣ ቢሳል ስለቱ ይበላሻል። መጀመሪያ ድንጋዩ ሜዳ መሆን አለበት። እማማ ቶሜ ግን ያንን ጎድጓዳ ማንም እንዲነካው አይፈልጉም፤ ብቻቸውን ሲሆኑ መዳፋቸውን እዚያ ውስጥ አስቀምጠው ሲቀመጡ እኔ ራሴ አይቻቸዋለሁ። ልጃቸው ከእሱ የበለጠ ምንም አልተወላቸውም። ፉሳኤ ውኃውን ደፋች፣ ድንጋዩን በጨርቅ ጠርጋ ወደ ቦታው መለሰች። «ነገ አዲስ ድንጋይ እገዛለሁ» አለችኝ ቀስ ብላ። በየት ገንዘብ አላልኳትም።

ተንሸራታቹ በር ተከፈተ። እማማ ቶሜ ድንጋዩን በሁለት እጃቸው አቅፈው ወጡ፣ ወገባቸው እንደታጠፈ ቁጢጥ አሉ፣ ድንጋዩን በፊቱ ደፍተው በመተላለፊያው ሲሚንቶ ላይ ፈተጉት። አንዴ፣ ደግሞ አንዴ። ግራጫ ጭቃ ወጣ። «እማማ፣ ተዉት! እባክዎን ተዉት!» ብላ ፉሳኤ እጃቸውን ልትይዝ ሮጠች። እሳቸው ገፈተሯት።

«ምኑን ነው የምተወው? በጎድጓዳ ድንጋይ ቢላዋ ይሳላል? እሱ ቢያይሽ ይስቅብሽ ነበር።» እንባቸው አፍንጫቸው ላይ ወርዶ ድንጋዩ ላይ ጠብ አለ፣ እሳቸው ግን መፈተጋቸውን አላቆሙም። የኢዋዎ ክንድ ስንት ዓመት ያጎደጎደው ነገር በዓይናችን ፊት እየሳሳ ሄደ። እኔ በርሜሌን ይዤ ቆምኩ፣ ማልቀሴን ያወቅኩት ጨው አፌ ሲገባ ነው፣ እሱም የበርሜሉ ይሁን የዓይኔ እንጃ። «ቆመሽ ከምታዪኝ ውኃ አፍስሺልኝ» አሉ እማማ ቶሜ ቀና ሳይሉ።

ፉሳኤ ጭልፋውን አንስታ ከባልዲው ቀዳች፣ ለሃያ አምስት ዓመት በእሳቸው ፊት እንደምታደርገው፣ በቀኝ እጇ። አሮጊቷ እጃቸውን ድንጋዩ ላይ አቆሙ።

«በዚያኛው» አሉ።